ከማስታወቂያ ሥራ ያስወጣኝ የሹሩባ ቤት

ጡረታ ወጥቻለሁ ስል ሰው ይስቃል። ፀጉሬ አልሸበተም፣ ወገቤ አልጎበጠም፣ ሠላሳ ዓመትም አልሞላኝም። ይሳቁ። ጡረታ ማለት የሠሩትን ሥራ ዳግመኛ ላለመሥራት መቁረጥ ከሆነ፣ እኔ ከማንም የወደብ ሠራተኛ የማላንስ ጡረተኛ ነኝ። ሽኝት አልተደረገልኝም፣ የምስጋና ወረቀትም አልተሰጠኝም። ቢሰጠኝም አልቀበልም ነበር።

ሥራዬ ለትንንሽ ነጋዴዎች የኢንተርኔት ገጽ መሥራትና ማስተዋወቅ ነበር፤ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ባለ አንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ። ጎማ ጠጋኙ፣ ልብስ ሰፊው፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ሁሉም "እዚህ ነኝ" እንዲሉ የምጮኽላቸው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ። ይህንን በትሕትና ለመሸፋፈን አልደክምም። ከሥራው ያስወጣኝም ስንፍና ሳይሆን ከሁሉ አብልጬ የሠራሁት ሥራ ነው። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የነበረች የአንዲት ሹሩባ ሠሪ ቤት ልትዘጋ ስትል፣ እንዳትዘጋ ብዬ ገጽ ሠራሁላት። ቤቷ ምን እንደደረሰባት ለመናገር ነው የተቀመጥኩት። ግን እዚያ ለመድረስ ሙያውን ከየት እንዳገኘሁት ማወቅ አለባችሁ።

ከድሬዳዋ ወደዚህ የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ ልጆች ለቤት ሥራ ነው። ሄሮን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ገባሁ። አሠሪዬ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ስሜን ግን አታውቀውም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሙሉ ትባል ስለነበር እኔንም ሙሉ አለችኝ፤ አቤት አልኩ። ልብስ ስተኩስ በልቤ ግጥም እቋጥር ነበር፣ ስጨርስ በስልኬ እጽፈዋለሁ። ገጣሚ ያደረገኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን አንሶላ ነው። አንሶላ ሲተኩስ የኖረ ሰው መስመር የት እንደሚታጠፍ ያውቃል።

አንድ ቀን የማዳሟን ቀሚስ ላሳጥር የሄድኩበት ልብስ ሰፊ "ገበያ የለም" እያለ ሲነጫነጭብኝ ሁለት መስመር ጻፍኩለት። ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። በሳምንቱ ቀሚሱን ልወስድ ስመለስ አንዲት ረዥም ሴት የሰፊውን ወንበር ይዛ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም።"

"አቦ ጥሩ! እንድትረሺ የማስገድድሽ ነገር የለማ።"

እትዬ ፋጡማ ነበረች። የጅቡቲ ሰው ናት፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነቷን ድሬዳዋ አሳልፋለች፣ አማርኛዋም ከእኔ የባሰ የድሬ ነው። በወጣትነቷ በሬዲዮ ማስታወቂያ ታነብ ነበር፤ ሬዲዮው ሲቀዘቅዝ ወደ ኢንተርኔት ዞረች። ከሰው ቤት አውጥታ እሷ ጋ ቀጠረችኝ፤ የሥራ ፈቃዴን ለመጨረስ የተመላለስንበትን ቢሮ ሁሉ ልዝለለው። ደሞዙም ከቤት ሥራው ይሻል ነበር፣ ያን ያህል ግን አይደለም። ስሜን መልሶ የሰጠኝ መሆኑ ይበቃኛል።

እትዬ ፋጡማ ጽሑፍ በዓይኗ አታነብም። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ዓይኗን ትጨፍንና "አሁን እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከአዋሽ ጀምሮ አላሸለብኩም። ንገሪኝ" ትላለች። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሦስተኛው ቃል ላይ ዓይኗ ካልተከፈተ "ተኛሁ" ትለኛለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የመናዊ ሽማግሌ ትሆናለች፣ አንዳንዴ የነፃ ንግድ ቀጠናው ቢሮ ፀሐፊ፣ አንዳንዴ ከባሏ የተጣላች ሙሽራ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚቆሙበት ፔካ ዱዝ ጎማ የሚጠግን አንድ ወሎዬ ነበር። ለእሱ ይህን ጻፍኩ፦

ጎማው ቢተነፍስ አንተ አትተንፍስ፣
ጥላና ውሃ አለ ጠግነን እስክንጨርስ።

ኮርቼበት ነበር። እትዬ ፋጡማ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

"የመጀመሪያውን መስመር ቁረጪው።"

"ለምን? እሱ አይደል ግጥሙ?"

"እሱ አንቺ ነሽ። ሾፌሩ የታለ?"

ከሁለተኛውም ግማሹን አስቆረጠችኝ። ገጹ ላይ የቀረው "ጥላና ውሃ አለ" የሚለው ብቻ ሆነ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥርና ተሳቢው መኪና የት ገብቶ እንደሚዞር። ወሎዬው ረዳት እስኪቀጥር ድረስ ሥራ በዛበት። ጎማ ጠጋኝ በየሜትሩ አለ፤ በዚያ ሙቀት ቁጭ ብለህ የምትጠብቅበት ጥላ ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ነጋዴ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የምትሸጠውን አትንገረኝ፣ ሰውየው እስክትሸጥለት ድረስ ምን ሆኖ እንደሚጠብቅ ንገረኝ።

ሌላም ልማድ ነበራት። የማንንም ገጽ ከመጀመሯ በፊት ሱቁ ጭር በሚልበት ሰዓት ሄዳ ትቀመጣለች። "ገበያ የደራበት ሱቅ ይዋሻል" ትል ነበር። ከዚያ በማያውቁት ቁጥር ትደውልላቸዋለች። ስልክ ለማያነሳ ሰው ገጽ አንሠራም፤ "መቃብር ላይ አበባ ነው" ትላለች። አንዱን ጽሑፍ ወደ አራት ቋንቋ መገልበጥም ክልክል ነው። በፈረንሳይኛ የሚያነበው ደረሰኝ ትሰጣላችሁ ወይ ይላል፣ በዓረብኛ የሚያነበው ባለቤቱ የማን ልጅ ነው ይላል፣ የሶማሊኛው ደንበኛ ማንበቡን ትቶ ድምፅ ላኩልኝ ይላል፣ የአማርኛው ደግሞ መኪናዬን የት ላቁም ይላል። አራት ገጽ ማለት አራት ጊዜ ማሰብ ነው።

የቀረውን ከራሴ ተማርኩ። ኤሲ ካለበት ክፍል ይዘሽው የወጣሽው ስልክ ደጅ ላይ የካሜራው መስተዋት ጉም ይለብሳል፤ እስኪጠራ ካልታገሥሽ የምታነሺው ምግብ ሁሉ በጭስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ገጹ ከከበደ፣ የኢንተርኔት ካርዱን ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ሳይከፈትለት ትቶት ይሄዳል። "ቀይ ይሁን፣ ብልጭ ድርግም ይበል" ከሚሉ ነጋዴዎች ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። አንዱ ሥጋ ቤት "ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ" ካላልሽ አልከፍልም ብሎኝ "ፍየልህ ፓስፖርት አላት?" ብዬው በሳቅ ታርቀናል።

እንዲህ እያልን ሳለ እትዬ ፋጡማ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ደረጃውን መውጣት ሲያቅታት ቢሮውን ለእህቷ ልጅ ለኢድሪስ ሰጠችውና ቤቷ ተቀመጠች። ሙሴ ኢድሪስ (እዚህ አቶን እንደ ፈረንሳዮቹ ሙሴ ነው የምንለው) ጨካኝ ሰው አይደለም፤ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። እትዬ "ማን አየው?" ትል ነበር። እሱ የሚለው "ስንት ሰው አየው?" ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ርቀት ያወቅሁት በየሺ ቤት ነው።

የሺ ሹሩባ ሠሪዋ ናት። ካርቲየ 1 ውስጥ በጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትሠራ ከእኔ መምጣት በፊት ጀምሮ ነበረች። ሰው ቤት አድረው የሚሠሩ የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ዓርብ ከሰዓት ይወጣሉ። ይወጣሉ እንጂ የሚቀመጡበት የላቸውም። የየሺ ቤት ግድግዳውን ታክኮ የተዘረጋ አግዳሚ ነበረው፤ እዚያ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ማንም ተራው ቶሎ እንዲደርሰው አይፈልግም። አንዷ ተራዋ ሲደርስ "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ አልቸኩልም" ትላለች። የሻንጣ ነገርም ነበር። በአሠሪ ቤት የራሴ የምትዪው ጓዳ ስለሌለ፣ ልጆቹ የክት ልብሳቸውን፣ ለእናታቸው የገዙትን ነጠላ፣ የልጃቸውን ጫማ በሻንጣ አድርገው የሺ ጋር ያስቀምጣሉ። ሻንጣዎቹ አግዳሚው ጥግ ተደርድረዋል፣ ማንም አይነካቸውም። እኔ ሙሉ ተብዬ ስኖር በእውነተኛ ስሜ የምጠራው እዚያ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አከራዩ ክፍሏን ለስልክ ሻጭ ሊሰጣት ፈለገ፤ ካልጨመርሽ ልቀቂ አላት። በዋናው መንገድ ላይ ደግሞ ኤሲ ያለው ሳሎን ተከፍቶ ደንበኛ እየሳሳ ነበር። የሺ ቢሮ ድረስ መጣች።

"አንቺ ገጣሚ! ለጎማ ጠጋኝ ያን ሁሉ ያደረግሽ፣ ለእኔ ሲሆን ምን ነካሽ? ወይስ ጎማ መሆን አለብኝ?"

"ምን ትሸጫለሽ?" አልኳት፣ እንደ እትዬ ፋጡማ።

"ሥራሽን ተይና! ታውቂው የለም እንዴ?"

አውቀዋለሁ። አግዳሚውን ነው የምትሸጠው። ሹሩባማ ሌላም ሰው ይሠራል።

ልጆቹን አስፈቀድኩ። "ፊት አይነሳ" አሉኝ፤ አላነሳሁም። ከበሩ ሆኜ፣ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረው፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባቸው ማጅራታቸው ላይ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ፣ ጥጉ ላይ ሻንጣዎቹ ተደርድረው፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በአንገታቸው ላይ እያረፈ አነሳኋቸው። ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሳሁም። በአራቱም ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ጻፍኩበት፦ "ዓርብ ከሰዓት ሀበሾቹ ሁሉ እዚህ ናቸው።" ከሥሩ የየሺ ስልክ። ሙሴ ኢድሪስ አይቶት አጨበጨበ።

ስልኩ በማግስቱ መጮህ ጀመረ። የሺ አንዱን ሳትዘጋ ሌላው ይመጣል። ደስታዋን አይታችሁ! እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንዲት ሴት በሶማሊኛ ደወለችና "ልጆቹ አሉ?" አለቻት።

"ሞልተዋል፣ ነይ!"

"እኔ አልመጣም። አንዷን ላኪልኝ።"

"ቤት ለቤት አልሠራም እኮ። ምን ዓይነት ሹሩባ ነው የፈለግሽው?"

"ሹሩባ? ፀጉሯ ምን ይሠራልኛል? ወጥ ትችላለች ወይ?"

የሺ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የሚቀጥለውም ጠሪ እንደዚሁ ነው፣ የሚቀጥለውም። በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማሊኛ። ልጅ የምትይዝ፣ የማትወጣ፣ የማትመልስ፣ ስልክ የማታበዛ። ፎቶዬን ከተማው ሁሉ አይቶታል። ያየው ግን ማየት የለመደውን ነው፤ ሀበሻ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው፣ ሻንጣቸው ጥግ ተዘጋጅቶ። የደላላ ቤት መሰለው።

በዚያ ዓርብ አንዲት የተከበረች ወይዘሮ ሾፌሯን ደጅ አቁማ ገባች። ሰላም አላለችም። አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አይታ፣ የሺ እጅ ሥር ተቀምጣ ወደነበረችው ወደ ሰናይት ጣቷን ቀሰረች። ሰናይት የአዲግራት ልጅ ናት፣ ምላሷ ስለታም። ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ነው።

"ይህቺ ስንት ናት?" አለች ወይዘሮዋ በሶማሊኛ።

ሰናይት ሶማሊኛን የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው የተማረችው። ቀና ብላ በዚያው ቋንቋ "እኔ ደንበኛ ነኝ። አንቺ ደግሞ ተራሽ ከበሩ ጋ ነው፤ ተሰለፊ" አለቻት።

ልጆቹ ሳቁ። ወይዘሮዋም ፈገግ አለች፤ "ይህቺስ አፍ አላት" ብላ ቀጣይዋን ማየት ጀመረች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሰናይት ተነሳች፣ በግማሽ ሹሩባዋ ላይ ሻርፕ ጠመጠመች፣ ሻንጣዋን ከጥጉ ሳበች።

"የት ነው?" አለቻት የሺ፣ ሚዶው እጇ ላይ እንዳለ። "ልጨርስልሽ እንጂ!"

"የሺዬ፣ እዚህ ከተቀመጥኩ ታየሁ። መታየቱን አሠሪዬ ቤትም አላጣሁትም።"

በሚቀጥለው ዓርብ አግዳሚው ባዶ ነበር። ስልኩ ግን ሲጮህ ዋለ።

ደረቴን እየመታሁ እንዳለቅስ የምትጠብቁ ካላችሁ አላለቅስም። ሰውን እንደ ዕቃ ማየትን ለዚህች ከተማ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። የሙያ ውድቀት ግን ነው፣ ስሙን እጠራለሁ፤ ምን እንደሚታይ ስጨነቅ ማን እንደሚያይ ዘነጋሁ። ፊት ብሸሽግም አግዳሚውን አሳየሁ። ያ አግዳሚ ዋጋው የማንም ዓይን የማይደርስበት መሆኑ ነበር።

ሙሴ ኢድሪስን ገጹን አጥፋልኝ አልኩት። ገጾቹ በቢሮው ስም ናቸው፣ ቁልፉም በእሱ እጅ።

"እብድ ነሽ?" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። "በዚህ ቢሮ ታሪክ እንደዚህ የተጠራ ስልክ የለም። ገበያው የሚፈልገውን ነግሮሻል። አንቺ ጽሑፉን ብቻ ቀይሪው። 'አስተማማኝ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች፣ በአንድ ጥሪ ደጅዎ ድረስ።' የሺ ኮሚሽን ታገኛለች፣ ቤቷም ትተርፋለች። ቤቷ እንዲተርፍ አልነበር የፈለግሽው?"

"አልጽፈውም።"

"ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ሰው ካጣሁ ማሽን ይጽፈዋል።"

"ይጻፈው። የእኔ እጅ አይጽፈውም።"

ወደ እትዬ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አገኘኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ትደግፈኛለች ብዬ ነበር።

"እኔ ብሆን እጽፈው ነበር" አለች።

"እትዬ!"

"ምን እትዬ ትይኛለሽ? ልጆቹ እንደሆነ ሥራ ይፈልጋሉ። ከመንገድ ደላላ የየሺ እጅ አይሻልም? ቤቷ ተዘግቶ አንቺ ንጹሕ ብትሆኚ ማን በላበት?"

ክርክሯ ሞኝ አይደለም፤ እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። "እንግዲያው አንብቢው" አልኳት። "ሰናይትን ሆነሽ አንብቢው።"

ዓይኗን ጨፈነች። "አስተማማኝ..." አለችና ቆመች። እንደገና ሞከረች። ያ በሬዲዮ ሳሙናውንም ሲሚንቶውንም የሸጠ ድምፅ ከሁለተኛው ቃል አላለፈም። ዓይኗን ከፍታ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

"ኢድሪስ የእህቴ ልጅ ነው" አለችኝ በመጨረሻ። "ከእሱ ጋር አልጣላልሽም።"

"እንድትጣዪልኝ አልመጣሁም።"

"አቦ ሂጂ እንግዲህ!" አለች። የተቆጣች ትመስል ነበር፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።

ውሳኔው የእኔም የኢድሪስም አልነበረም፤ ቤቱ የየሺ ነው። ዓርብ ዕለት ሙሴ ኢድሪስ ራሱ ወደ ካርቲየ 1 ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። የሺ እጅ ሥር አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ አዲስ መጪ፣ የሆነውን ያልሰማች። እሱ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሐሳቡን አስረዳ፤ በጨዋነት፣ በደንብ አድርጎ። ኮሚሽኑን፣ ኪራዩን፣ ኤሲ እንደሚያስገባላት ሳይቀር። የሺ አላቋረጠችውም። ጣቷም አላቆመም፤ እየከፈለች፣ እየጎነጎነች፣ ጫፉን በክር እያሰረች ሰማችው። እሺ ብትል ልፈርድባት መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ የአከራዩ ቀን ደርሷል፣ ልጆቿን ደሴ የምታስተምረው በዚያ ሥራ ነው።

የልጅቷን የመጨረሻ ጉንጉን አስራ ጨርሳ ትከሻዋን መታ አደረገቻት።

"ሙሴ፣ ልፋትህን አየሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "እነዚህ ልጆች ግን እኔ እጅ ሥር ሲቀመጡ የሚሰጡኝ ፀጉራቸውን ነው። አንገታቸውን አይደለም።"

"ማዳም፣ ገጹ እኮ አይጠፋም። ስልኩ መጮሁን አይተውም።"

"ስልኩ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች፣ ጀርባውን በጥፍሯ ከፍታ ሲም ካርዱን አውጥታ ለሁለት ሰበረችው። ያ ቁጥር ከአዲስ አበባ እስከዚህ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው፣ ከአገር የሚላክ መልእክት ሁሉ የሚመጣበት፣ የየሺ ስም ማለት ነበር። ስብርባሪውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"እንካ፣ አስተዋውቀው" አለችው።

ቢሮ አልተመለስኩም። ገጹ እስከ ዛሬ አለ ይሉኛል፤ አልከፍተውም። የሚደውል ሰው ማንንም አያገኝም። ክፍሏንም ስልክ ሻጩ ወስዷታል፣ ቤቷን አላተረፍኳትም።

የሺ ግን ሌላ ቦታ አለች። ምልክት የላትም፣ በካርታ ላይ ነጥብ የላትም፣ በሩ ከሌላው በር አይለይም። መጀመሪያ አንዷ ለአንዷ በጆሮ ነገረቻት፣ ያቺም ለሌላዋ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ምንጣፍ አነጠፍን። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ፀጉር እከፍላለሁ፤ መስመሬ ገና ይጣመማል፣ የሺም እየፈታች ትሠራዋለች። ሰናይት እስካሁን አልመጣችም። ትምጣ አትምጣ የእሷ ጉዳይ ነው፤ የት እንዳለንስ ሰምታለች።

ባለፈው ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ ለይታኝ ያዘችኝ። "ያ የሀበሾቹ ቤት የት ገባ? አንድ ልጅ ፈልጌ ነበር" አለችኝ። በሶማሊኛ አላውቅም አልኳት። በፈረንሳይኛ ጠየቀችኝ፤ በፈረንሳይኛም አላውቅም አልኳት። እናንተም አትጠይቁኝ። ከአንባቢዎቼ መካከል የሹሩባ ደንበኛ ካለች አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ትጠይቅ። ከእኔ አድራሻ አታገኙም።